ወንዙን የሚለኩት ሰዎችና የግርጌው አርሶ አደር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ጉማራንና ርብን በድልድይ ይሻገራል። መንገደኛው እነዚህን ወንዞች የሚያስተውላቸው ክረምት ላይ ሞልተው ሲያስፈሩት ወይም በጋ ላይ አሸዋቸው ሲገለጥ ነው። ከዳርቻው ላይ የቆመውን፣ እንደ ማስመሪያ በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለውን የብረት ሜትር ግን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። ያ ሜትር በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ይነበባል። የሚያነበው አብዛኛውን ጊዜ በአቅራቢያው የሚኖር፣ ከእርሻው ጎን ለጎን ለዚህ ሥራ አነስተኛ ክፍያ የሚያገኝ የአካባቢው ሰው ነው። ያየውን ቁጥር በቅጽ ላይ ያሰፍራል፤ ቅጹ በየወሩ ተሰብስቦ ወደ ቢሮ ይሄዳል። የመስኖ ግድብ ሲታቀድ፣ ድልድይ ሲሠራ፣ ለአንድ ቀበሌ ስንት የውኃ መሳቢያ ሞተር ይፈቀድ ሲባል መነሻው ይኸው ቁጥር ነው።

ሥራው አዲስ አይደለም። በጣና ተፋሰስ የሚገኙ ዋና ዋና የመለኪያ ጣቢያዎች የተተከሉት በ1950ዎቹ፣ የዓባይ ተፋሰስ ከአሜሪካ መንግሥት የመሬት ማሻሻያ ቢሮ ጋር በትብብር ሲጠና በነበረበት ዘመን ነው። በወተት ዓባይ ከተማ አጠገብ ያለው የግልገል ዓባይ ጣቢያ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሲነበብ ኖሯል። የዛሬዎቹ መሐንዲሶች ስለ ግልገል ዓባይ፣ ስለ ጉማራ፣ ስለ ርብና ስለ መገጭ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደው መናገር የቻሉት፣ ስማቸው በየትኛውም ሪፖርት ላይ ያልተጻፈ አንባቢዎች በዝናብም በጭቃም ወደ ወንዝ ሲወርዱ በመኖራቸው ነው።

ይሁን እንጂ ሜትሩ የሚናገረው የውኃውን ከፍታ ብቻ ነው። ወንዙ ዛሬ 1 ሜትር ከ20 ላይ ነው ማለት በሴኮንድ ስንት ሊትር ያልፋል ማለት እንደሆነ ከብረቱ ላይ አይነበብም። ይህን የሚያገናኘው የሃይድሮሎጂ ቴክኒሺያኑ ነው። በዓመት ውስጥ ደጋግሞ፣ ወንዙ ሲጎድልም ሲሞላም፣ ጣቢያው ድረስ እየሄደ ፍሰቱን ራሱን ይለካል።

በበጋ ሥራው ሱሪን ሰብስቦ ወንዝ መግባት ነው። ገመድ ከዳር እስከ ዳር ይወጠራል፤ የወንዙ ስፋት 20 ያህል ቦታ ላይ ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ቦታ ጥልቀቱ ይለካና ከረንት ሜትር የሚባለው መሣሪያ ይጠልቃል። መሣሪያው ውኃው ሲገፋው የሚሽከረከር መዘውር ነው፤ በተወሰነ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ ተቆጥሮ የውኃው ፍጥነት ይታወቃል። ውኃ ከላይ ይፈጥናል፤ ከታች አፈርና ድንጋይ እየያዘው ይዘገያል። ስለዚህ ቦታው ጥልቅ ካልሆነ ከላይ ሲቆጠር የጥልቀቱ 60 በመቶ ላይ አንድ ጊዜ፣ ጥልቅ ከሆነ ደግሞ 20 እና 80 በመቶው ላይ ሁለት ጊዜ ይለካል። የየክፍሉ ስፋት፣ ጥልቀትና ፍጥነት ተባዝቶ ሲደመር የወንዙ ፍሰት ይገኛል። በዚያው ሰዓት ሜትሩ ስንት እንደሚያሳይም ይመዘገባል። እንዲህ ያሉ ልኬቶች ሲበዙ በወረቀት ላይ አንድ ጠመዝማዛ መስመር ይወጣቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ አንባቢው የላከው ከፍታ በዚህ መስመር አማካይነት ወደ ሊትር ይለወጣል።

በክረምት ሌላ ነው። ወንዝ መግባት አይታሰብም። መሣሪያው ከባድ ክብደት ታስሮለት ከድልድይ ላይ ወይም ከተወጠረ የብረት ገመድ ላይ ይወርዳል፤ ጎርፉ ደግሞ ግንድና ቁጥቋጦ ይዞ ይመጣል። ትልቁ ጎርፍ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፤ ባለሙያው ከከተማ ተነሥቶ ሲደርስ ወንዙ ጎድሎ ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው በጽሕፈት ቤቶች መዝገብ ውስጥ የመካከለኛ ፍሰት ልኬት ሲበዛ የከባድ ጎርፍ ልኬት በጣት የሚቆጠረው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ያጥለቀለቀውን ዓይነት ጎርፍ አስቀድሞ ለመገመት የሚቸግረውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ያልተለካውን የመስመሩን ጫፍ ባለሙያው በግምት ይቀጥለዋል፤ ግምት ደግሞ ያው ግምት ነው።

መስመሩ አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ነገር ግን ወንዝ አልጋውን ይለውጣል። ከደጋው እየታጠበ የሚወርደው አፈር በርብና በጉማራ የታችኛው ክፍል ላይ ይተኛል፤ ሌላ ዓመት ጎርፉ ጠርጎት ይሄዳል። ደለል የወንዙን ወለል 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካደረገው፣ ውኃው ሳይጨምር ሜትሩ የጨመረ ያስመስላል። አምና ትክክል የነበረው መስመር ዘንድሮ ይዋሻል። ስለዚህ «ወንዙ አምስት ዓመት አልተለካም፤ ግን ሜትሩ በየቀኑ ይነበባል» የሚል መልስ የሰማ የወረዳ ኃላፊ ሊደነግጥ ይገባል እንጂ መጽናናት የለበትም።

ከደለሉ የባሰው ደግሞ ቤት ውስጥ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ክፍያው ለወራት ሲዘገይ፣ ተቆጣጣሪ ሳይመጣ ሲቀር፣ ሜትሩ በጎርፍ ሲወድቅና የሚያቆመው ሲጠፋ፣ አንባቢው ወንዝ መውረዱን ይተውና ቅጹን በአንድ ምሽት ይሞላዋል። በሰውዬው ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ቁጥሩን የሚመለከት ሰው እንዳለ ምልክት ሳያይ ዓመታት ያለፉበት ሰው ነው። ልምድ ያለው ቴክኒሺያን ግን ይህን ዓይነት ቅጽ ከሩቅ ያውቀዋል። ሐምሌ ላይ አሥር ቀን ሙሉ አንድ ዓይነት ቁጥር የተጻፈበት ቅጽ ይታያል፤ ሐምሌ ውስጥ አሥር ቀን እኩል የሚፈስ ወንዝ የለም። ሁሉም ንባብ በ0 ወይም በ5 የሚያልቅ ከሆነ በዓይን ተገምቷል ወይም ተፈጥሯል። በላይኛው ጣቢያ ጎርፍ ተመዝግቦ፣ የዝናብ መለኪያውም ጠዋት 3 ሰዓት ሲነበብ ብዙ ውኃ ተገኝቶበት፣ የታችኛው ጣቢያ ግን ጸጥ ካለ፣ አንዱ ሰው ወንዝ አልወረደም ማለት ነው።

ሌላም በቀላሉ የማይታይ ስሕተት አለ። ጎርፍ የጣለውን ሜትር ቅን የሆነ ሰው አንሥቶ መልሶ ይተክለዋል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከነበረበት 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከተተከለ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለው ንባብ ሁሉ 20 ሴንቲ ሜትር ተጨምሮበት ይመዘገባል። በክረምት 3 ሜትር በሚሞላ ወንዝ ላይ ይህ ላይጎላ ይችላል። ሚያዝያ ላይ፣ ወንዙ በሙሉ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነበት ጊዜ ግን የሌለ ውኃ እንዳለ ተደርጎ ይቆጠራል። መፍትሔው በየጣቢያው አጠገብ በሲሚንቶ የሚተከለው ቋሚ ምልክት ነው። ሜትሩ የወደቀበት ሰው ራሱ ከመትከል ይልቅ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይደውል፤ ባለሙያው ከቋሚው ምልክት ለክቶ ይተክለዋል። ቋሚውን ምልክት ለቤት መሠረት ወይም ለአጥር የነቀለ ሰው የሰረቀው ድንጋይ ብቻ አይደለም።

ይህ ሁሉ አርሶ አደሩ ዘንድ የሚደርሰው በቦይ በኩል ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከምንጭ ወይም ከትንሽ ወንዝ የተጠለፈ የአፈር ቦይ አለ እንበል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፤ የውኃው ጥልቀት 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ቦዩ ቀጥ ባለበት ቦታ 10 ሜትር ተለክቶ እንጨት ቢለቀቅና 25 ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ የላይኛው ውኃ ፍጥነት በሴኮንድ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ላይኛው ከመካከለኛው ስለሚፈጥን በ0.8 ይባዛል፤ 32 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከቦዩ ስፋትና ጥልቀት ጋር ሲባዛ በሴኮንድ 58 ሊትር ገደማ ይወጣል። ለዚህ ልኬት ሜትር፣ ሰዓት የሚቆጥር ስልክና የደረቀ እንጨት በቂ ናቸው፤ ሦስት ጊዜ ደግሞ አማካዩን መውሰድ ብቻ ነው።

58 ሊትር ስንት ሄክታር ያጠጣል? በደረቁ ወራት አንድ ማሳ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ይፈልጋል ብንል፣ ለአንድ ሄክታር በቀን 50 ሜትር ኩብ ነው። በአፈር ቦይ ግማሹ በመንገድ ይጠፋል ብለን ብንይዝ ከምንጩ የሚወጣው 100 ሜትር ኩብ መሆን አለበት። ውኃው ቀንና ሌሊት ከተሠራበት 58 ሊትሩ 50 ሄክታር ያደርሳል። ቀን ብቻ 12 ሰዓት ከተጠጣና ሌሊቱን ወደ ወንዝ ከተለቀቀ ግን 25 ሄክታር ነው። በመራዊ አካባቢ ወደ 7 ሺህ ሄክታር እንዲያለማ የተሠራው የቆጋ መስኖ የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎች የተሠሩለት ለዚህ ነው። ትንንሾቹ መስኖዎች ግን አብዛኞቹ ኩሬ የላቸውም፤ የሌሊት ውኃ የሚያጠጣም ጥቂት ነው።

እንግዲህ ያ ትንሽ ወንዝ የተለካው ኅዳር ላይ፣ ክረምቱ ገና ከመሬት ሳይወጣ ቢሆንስ? በኅዳር በሴኮንድ 120 ሊትር የነበረው ወንዝ መጋቢት መጨረሻ 58 ሊትር ሊደርስ ይችላል። በኅዳሩ ቁጥር 100 ሄክታር ታቅዶ፣ ዘር ተከፋፍሎ፣ ሽንኩርት ተተክሎ ከሆነ፣ ኮረቱ በሚሞላበትና ውኃ በብርቱ በሚፈልግበት ሰዓት ግማሹ ማሳ ይደርቃል። የሚደርቀው ግማሽ ደግሞ በዕጣ አይወጣም፤ ሁልጊዜም የቦዩ ግርጌ ነው። የራስጌው ሰው ውኃው በማሳው በኩል ስለሚያልፍ ይጠጣል፤ የግርጌው ሰው ማዳበሪያውንም ጉልበቱንም አውጥቶ ቦዩን ቁልቁል እየተመለከተ ይቀራል። ሪፖርቱ ላይ ግን «100 ሄክታር በመስኖ ለምቷል» ተብሎ ተጽፏል። በየስብሰባው የለማ ሄክታርና የተከፋፈለ ሞተር ብዛት ይቀርባል፤ በሴኮንድ ስንት ሊትር እንዳለ የሚጻፍበት ዐምድ ግን በቅጹ ላይ ቢኖር ጥሩ ነበር።

ቁጥሩ የጠብም ማብረጃ ነው። በአካባቢያችን የውኃ አባት የሚባለው ሰው ተራ ሲያስይዝ የኖረው በሰዓት ነው፤ ለእከሌ ከማለዳ እስከ ቀትር፣ ለእከሊት ከቀትር እስከ ማታ እያለ። ሰዓቱ እኩል ቢሆንም ውኃው እኩል ላይሆን ይችላል። ከላይ ሦስት ሞተር ከተነሣ የከሰዓቱ ተረኛ የሚደርሰው ጭቃ ነው። በቦዩ ራስ ላይ የሚተከል የሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ማሳለፊያ ሰሌዳ ይህን ክርክር ያቃልላል። አፉ ቀጥ ባለ ማዕዘን የተቆረጠ ከሆነ፣ ከማዕዘኑ በላይ የውኃው ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በሴኮንድ ከ4 ሊትር ትንሽ የበለጠ ያልፋል፤ 20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን ወደ 25 ሊትር ገደማ ነው። ከፍታው በእጥፍ ሲጨምር ውኃው ከአምስት እጥፍ በላይ ይጨምራል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «በሁለት ጣት ብቻ ነው የቀነሰብህ» ብሎ ይሸመግላል፤ የተበደለው ግን የጎደለበትን ያውቃል። ከፍታው መነበብ ያለበት ከአፉ ላይ ሳይሆን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ውኃው ገና ቁልቁል ሳይጎነበስ ነው።

ሕጉም በዚህ ላይ ዝም አላለም። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ፍጆታ የሚውል ውኃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ቅድሚያ እንዳለው ይደነግጋል። በባህላዊ መንገድ የሚያጠጣና በእጅ ጉድጓድ የሚቆፍር አርሶ አደር ፈቃድ እንዲያወጣ አይገደድም። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 841/2006 ሕጋዊ ሰውነት አግኝተዋል። ማኅበሩ አባላቱን ለማስተዳደር መጀመሪያ ምን ያህል ውኃ እንዳለው ማወቅ አለበት። የመጠጥ ውኃው ቅድሚያ ተጠብቋል ወይስ አልተጠበቀም የሚለውም ያለ ልኬት የሚፈርድበት የለም።

የትልቁ ውኃ ጉዳይም ከዚህ የተለየ አይደለም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር አካባቢ የሚገኝ ሐይቅ ሲሆን፣ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ መውጫው በጨራ ጨራ መቆጣጠሪያ በር ይጠበቃል። በ1995 ዓ.ም. የሐይቁ ከፍታ በጣም ወርዶ የመርከብ ጉዞ እስከ መስተጓጎል ደርሶ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ውኃ የሚስበው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ለተርባይኑ፣ ለጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ ለዓሣ አስጋሪውና ለጀልባው የሚደርሰው የሚወሰነው በሐይቁ ዳር በሚነበበው ሜትር ላይ ተመሥርቶ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሰፋ ሐይቅ ላይ ግን 300 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ነው።

የከርሰ ምድር ውኃን በተመለከተ ጥቂት ልጨምር፤ የጉድጓድ ቆፋሮው በተስፋፋበት በዚህ ጊዜ ከወንዙ ያላነሰ ያሳስባል። ወንዝ ሲጎድል ሁሉም ያያል፤ ጉድጓድ ሲጎድል ግን ሞተሩ አየር መሳብ እስኪጀምር ድረስ የሚያየው የለም። ቴክኒሺያኑ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ሲነካ ድምፅ የሚሰጥ ባለ ሜትር ገመድ ያወርዳል። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ያለው አርሶ አደር ይህ መሣሪያ ባይኖረውም ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ደረቅ ገመድ ይበቃዋል፤ የረጠበውን ትቶ የደረቀውን መለካት ነው። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ማለዳ፣ ሞተር ሳይነሣ፣ ጎረቤትም ሳያስነሣ መለካት አለበት፤ ከሰዓት የተለካ ጉድጓድ የሚያሳየው የሞተሩን ሥራ እንጂ የመሬቱን ውኃ አይደለም። በየወሩ አንድ ቀን እየተለካ በደብተር ቢያዝ፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ በየበጋው ምን ያህል እየወረደ እንደሆነ ደብተሩ ራሱ ይናገራል።

ሙያው ወጣቶችን የሚስብ ሆኖ አልቀረበም። በ1979 ዓ.ም. ከተቋቋመው የአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲውና በየቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ የሠለጠኑ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ግንባታውንና ዲዛይኑን ይመርጣሉ። ለካዩ የሚያስመርቀው ነገር የለውም፤ ሪባን የሚቆረጥለት ልኬት አይቶ የሚያውቅ ሰው አለ? ያለ ሞተር ብስክሌት፣ ያለ ቦቲ ጫማ፣ ለጎርፍ ወቅት ያለ መንሳፈፊያ ሰደሪያ የሚሠራም አለ። አንድ ከረንት ሜትር ሲበላሽ ወይም ከተመሰከረለት ጊዜ በላይ ሳይፈተሽ ሲቀር ለብዙ ጣቢያዎች የሚሆነው ልኬት በአንድ ጊዜ ይበላሻል። በአንዳንድ ጣቢያዎች ከፍታውን በራሳቸው መዝግበው በስልክ መስመር የሚልኩ መሣሪያዎች መተከላቸው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እነሱም ደለል ይውጣቸዋል፣ ባትሪያቸው ያልቃል፣ ፍሰቱንም አይለኩም። ወንዝ የሚገባ ሰው አሁንም ያስፈልጋል።

ወረዳው ምን ያድርግ ለሚለው፣ ገንዘብ የማይጠይቀው ብዙ ነው። የጣቢያው ሜትር ከብት የሚታሰርበት፣ ልብስ የሚሰጣበት እንዳይሆን ቀበሌው ሊጠብቀው ይችላል። የአንባቢው ክፍያ በወቅቱ እንዲደርሰው የሚመለከተውን አካል መወትወት የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሥራ ነው። አዲስ የሞተር ጥያቄ ሲመጣ ከመፈቀዱ በፊት የውኃና ኢነርጂው ባለሙያ፣ የመስኖው ባለሙያና የግብርናው ባለሙያ አንድ ላይ ወንዝ ዳር ቢወርዱ አንድ ግማሽ ቀን ይበቃቸዋል። አሁን ግን ብዙ ጊዜ ሦስቱ የሚገናኙት ጠቡ ከተነሣ በኋላ ነው።

የዘንድሮው ልኬት ጊዜ ገና አላለፈም። የዓመቱ ዝቅተኛ ውኃ የሚታየው ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ወንዙን ከማደፍረሱ በፊት ነው። በእነዚህ ሳምንታት በየመስኖው ራስ ላይ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ቀን፣ ከላይ ያሉት ሞተሮች ሲሠሩም ሲቆሙም ቢለካ ለቀጣዩ ዓመት የሚበቃ ቁጥር ይገኛል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተለካበት ቦታ፣ ከላይ ስንት ሞተር እንደነበረና የለካው ሰው ስም አብሮ ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ በማኅበሩ መዝገብ፣ ሌላው በወረዳው ይቀመጥ። መስከረም ላይ የመስኖ ዕቅድ ሲወጣ መጀመሪያ የሚገለጠው ያ ገጽ ነው።